ዲስኩ ነው ወይስ ኬብሉ?

ባንክ መስኮት ፊት፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ወይም ክፍለ ከተማ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። ከመስኮቱ ጀርባ የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰርቨሩ ተበላሽቷል ይባላል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ባለሙያው አጥፍቶ ያበራዋል፣ አልነሳ ካለ ዲስክ ወይም ካርድ እንዲገዛ ጥያቄ ይቀርባል። በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። አንደኛው ማሽኑ የታመመው ዛሬ ጠዋት ነው የሚለው ነው፤ ሌላው የታመመው ዕቃው ነው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ ከሳምንታት በፊት የጀመረ ነው፤ የታመመውም ዲስኩ ወይም ካርዱ ሳይሆን ሁለት ዕቃዎች የሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ኬብሉ፣ ሶኬቱ ወይም መሰኪያው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚመሰክረው ሰነድ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀንና ሌሊት የሚጽፈው የስህተት መዝገብ፣ ባለሙያዎች ሎግ የሚሉት ነው። ዕቃ ከመቀየሩ በፊት መዝገቡ ይነበብ ማለት ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን መዝገቡ የሚነበበው አዲሱ ዕቃም ተገጥሞ ችግሩ ሲመለስ ነው።

ሰርቨር ከቢሮ ኮምፒውተር የሚለየው በጉልበቱና ያለ ዕረፍት በመሥራቱ ነው እንጂ ውስጡ ያው የተገጣጠሙ ክፍሎች ስብስብ ነው። የዘመኑ ሰርቨር ፕሮሰሰር ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነካካው ከሺህ በሚበልጡ ጥቃቅን የብረት ጫፎች ነው። አንድ የዲዲአር 4 ሚሞሪ 288 የመገናኛ ጫፎች አሉት፤ የሳታ ዲስክ የዳታ መሰኪያ 7፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያው ደግሞ 15። በእነዚህ ጫፎች ላይ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ምልክቶች ይመላለሳሉ። ማሽኑ ሲሞቅ ብረቱም ፕላስቲኩም ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ማራገቢያዎቹ ሌት ተቀን ያንቀጠቅጡታል፤ አቧራ ይገባል፤ በእርጥበት የብረቱ ገጽ ይበላሻል፤ አንድ ሰው ሌላ ነገር ሊያስተካክል እጁን ሲያስገባ ኬብል ገፋ አድርጎ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ የተነቀለ ኬብል ማንንም አያስቸግርም፤ መሣሪያው ይጠፋል፣ ሁሉም ያየዋል። የሚያስቸግረው በደንብ ያልተሰካው ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ባለሙያ ሊያየው ሲመጣም ደህና ሆኖ ይጠብቀዋል።

በከፊል የላላ ግንኙነት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ዓለም የተማረበት አንድ ታሪክ አለ። በሴፕቴምበር 2011 እ.ኤ.አ. ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ሙከራ ቡድን ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን ፈጥነው እንደተጓዙ የሚያሳይ ውጤት አገኘሁ አለ። ቅንጣቶቹ ጄኔቫ አጠገብ ካለው የሰርን ማዕከል ተነሥተው ኢጣሊያ ውስጥ ወዳለው የግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ 730 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ውስጥ ተጉዘው፣ ብርሃን ሊደርስ ከሚገባው ጊዜ 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው ደረሱ ተባለ። ውጤቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ይናጋ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ስሌቱን ከላይ እስከ ታች መረመሩ፣ ለማብራራትም እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተጻፈ። በፌብሩዋሪ 2012 እ.ኤ.አ. የተገኘው ዋና ምክንያት ግን በቅጡ ያልጠበቀ የፋይበር ኬብል መሰኪያ ነበር። ኬብሉ ከጂፒኤስ የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ወደ ሙከራው ዋና ሰዓት የሚያደርስ ነው። ስላልጠበቀ የሚያልፈው ብርሃን አነሰ፣ ምልክቱም 70 ናኖ ሰከንድ ያህል ዘገየ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሊቃውንቱ ተሳሳቱ የሚለውን አይደለም፤ እንዲያውም ውጤታቸውን ለዓለም አቅርበው ምርመራ መጠየቃቸው የሚያስከብራቸው ነው። የምወስደው ኬብሉ ይሠራ እንደነበር ነው። ምልክቱ አልተቋረጠም፤ ደረሰ፣ ግን ተበላሽቶ ደረሰ። ተራ ሰርቨር ውስጥም ግንኙነት የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ ነው።

ይህ የተለየ አጋጣሚ ነው ለሚል አንባቢ በቁጥር የቀረበ ማስረጃ አለ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲና የኔትአፕ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በየደንበኛው ቤት የተተከሉ 39,000 ያህል የመረጃ ማከማቻ ሥርዓቶች የጻፉትን መዝገብ መረመሩ። መዝገቡ የ44 ወራት ነበር፤ የሸፈናቸው ዲስኮችም 1.8 ሚሊዮን ያህል። ጥናቱ የተነሣው የማከማቻ ሥርዓት ሲበላሽ ዋናው ጥፋተኛ ዲስኩ ነው ወይ ብሎ ነው። የተገኘው መልስ ልማዳችንን የሚያስመረምር ነው። እንደ ሥርዓቱ ዓይነት ከጠቅላላው ብልሽት የዲስኮቹ ድርሻ ከ20 እስከ 55 በመቶ ሲሆን፣ የአካላዊ ግንኙነቶቹ ማለትም የኬብሎች፣ የመደርደሪያ ማገናኛዎችና የመሳሰሉት ድርሻ ከ27 እስከ 68 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዲስኮቹና በተቆጣጣሪው መካከል አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት መንገድ የተዘረጋላቸው ሥርዓቶች ብልሽታቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያነሰ ነበር። መንገዱን ማባዛት ብልሽትን ይህን ያህል ከቀነሰ፣ ሲታመም የነበረው መንገዱ ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ እነዚያ ብዙ መደርደሪያና ረጅም ኬብል ያላቸው ትልልቅ ማከማቻዎች ናቸው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ ላለ አንድ ሰርቨር መቶኛው ይህ ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም። ሆኖም ዲስኩን ያለ ምርመራ ጥፋተኛ ማድረግ ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት ከበቂ በላይ ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የታወቀ ጥናትም አንድ የዲስክ አምራች ደንበኞች ተበላሸ ብለው ከመለሱለት ዲስኮች በ43 በመቶው ላይ ምንም ችግር እንዳላገኘ መናገሩን ይጠቅሳል። ሁሉም በኬብል ምክንያት ተመለሱ ማለት አይደለም። ግን ደህና ዕቃ እየተፈታ እንደሚጣል ይመሰክራል።

መዝገቡ በዕቃውና በመንገዱ መካከል እንዴት ሊለይ ይችላል? መልሱ ዳታ በሚላክበት ዘዴ ውስጥ ነው። አንድ ነጋዴ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ጤፍ ሲጭን የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት በመሸኛው ላይ ቢጽፍ፣ ተቀባዩ እንደገና መዝኖ ጎድሎ ሲያገኘው ጉድለቱ በመንገድ ላይ እንደደረሰ ያውቃል። ጎተራው ውስጥ እህሉ ነቅዞ ከሆነ ግን ነጋዴው ራሱ ገና ሲጭን ያየዋል። ኮምፒውተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ላኪው ከዳታው ጋር ከዳታው ራሱ የተሰላ ቁጥር አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩ እንደገና አስልቶ ያስተያያል። ሲአርሲ የሚባለውን ይህን ስሌት ዌስሊ ፒተርሰን በ1961 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ነው፤ ዛሬ በኢተርኔት ኬብል፣ በሳታ ዲስክ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባሉት የካርድ ማስገቢያዎች ሁሉ ይሠራል። ቁጥሩ ካልገጠመ ዳታው እንደገና እንዲላክ ይጠየቃል። ሁለተኛው በሰላም ይደርሳል፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ተጠቃሚው ምናልባት ትንሽ መዘግየት ያያል እንጂ ሌላ አያውቅም። የመዝገቡ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ስህተቱን ራሱ አርሞ ዝም ሲል፣ መዝገቡ ግን አንድ መስመር ይጽፋል።

ዲስክን እንውሰድ፤ ልዩነቱ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ዲሜሴጅ ወይም ጆርናልሲቲኤል በሚባሉት ትእዛዞች የሲስተሙ እምብርት የጻፋቸው መልእክቶች ይወጣሉ። ዲስኩ በራሱ ገጽ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካቃተው የሚመጣው ምልክት ዩኤንሲ ይባላል፤ ሊታረም የማይችል ማለት ነው፣ ጎተራው ነቅዟል። ዳታው ከዲስኩ ደህና ወጥቶ በኬብሉ ላይ ከተበላሸ ግን አይሲአርሲ የሚል ምልክት ይጻፋል፤ በመገናኛው ላይ ሲአርሲው አልገጠመም ማለት ነው። ከዚያ ተከትሎ ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ የሚል መስመር ይመጣል፤ ሲስተሙ ግንኙነቱን አቋርጦ እንደ አዲስ እየጀመረ ነው። ይህ ከተደጋገመ ሲስተሙ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በሰከንድ 6 ጊጋቢት ይሠራ የነበረው ወደ 3፣ ከዚያም ወደ 1.5 ይወርዳል። ፍጥነት ሲቀንስ በደካማ ኬብል ላይም ምልክቱ ሊያልፍ ስለሚችል ስህተቱ ሊጠፋ ይችላል፤ የሚቀረው «ሰርቨሩ ሰሞኑን ዘገምተኛ ሆነ» የሚል የሠራተኞች ሮሮ ብቻ ነው። ዲስኩ ራሱም ስማርት በሚባለው የጤና መዝገቡ ሁለቱን ለያይቶ ይቆጥራል። 5ኛው መስመር የተበላሹና በሌላ የተተኩ ቦታዎችን፣ 197ኛው ገና የሚያጠራጥሩትን ይይዛል፤ እነዚህ የዲስኩ የራሱ ሕመም ናቸው። 199ኛው ግን በኬብሉ ላይ የደረሰውን የሲአርሲ ስህተት ይቆጥራል። 5ኛውና 197ኛው ዜሮ ሆነው 199ኛው እየጨመረ ከሄደ አዲስ ዲስክ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው። በዊንዶውስ ሰርቨርም በኢቨንት ቪወር ውስጥ ተመሳሳይ ልዩነት አለ። ከዲስክ በኩል የሚመጣው ቁጥር 7 ስለ ተበላሸ ቦታ ይናገራል፤ ቁጥር 129 ግን መሣሪያው መልስ ስላልሰጠ ግንኙነቱ እንደገና እንዲጀመር ታዝዟል ይላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የ199ኛው ቁጥር አንዴ ከጨመረ አይቀንስም፤ ኬብሉ ከተቀየረ በኋላም ያው ይቆያል። ስለዚህ 300 የሚል ቁጥር ያየ ሰው መደንገጥ የለበትም፤ ምናልባት ስህተቶቹ የደረሱት ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዲስኩ ሌላ ማሽን ውስጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ዋናው ነገር መጨመር አለመጨመሩ ነው። ዛሬ ያለው ቁጥር በወረቀት ይያዛል፣ ኬብሉ ተነቅሎ በደንብ ይሰካል ወይም ይቀየራል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁጥሩ ይታያል። ካልጨመረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሌላው የሚያስተምረው የስህተቱ ስርጭት ነው። አንድ ዲስክ ብቻ የሚያማርር ከሆነ ወይ እርሱ ወይ የእርሱ ኬብል ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አራት ዲስኮች አብረው ከጠፉና አብረው ከተመለሱ ግን አራቱ በአንድ ቀን ታመሙ ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ አራቱ የሚጋሩት ነገር፣ የጋራ ማስገቢያ ሰሌዳቸው፣ ተቆጣጣሪው ካርድ ወይም የኤሌክትሪክ መስመራቸው መታየት አለበት።

በኔትወርክ በኩል ነገሩ ይቀልላል። ጊጋቢት ኢተርኔት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራት ጥንድ ሽቦዎች ሁሉ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ መዝገቡ በ1000 ይሠራ የነበረው መስመር በ100 ተነሣ ካለ፣ ካርዱን ከመጠርጠር በፊት ከጥንዶቹ አንዱ በመሰኪያው ጫፍ ወይም በግድግዳው ውስጥ ተበጥሶ እንደሆነ ማየት ይገባል። መስመሩ ወርዶ ተነሣ የሚሉ መልእክቶች ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱ ከሆነም በቅድሚያ ርካሹ ኬብል ይቀየር፣ ከዚያ የስዊቹ ፖርት፣ መጨረሻ ላይ ካርዱ።

ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰኩት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርዶችና በሚሞሪው ዘንድ ደግሞ የሚነበበው «ታረመ» የሚለው መልእክት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ዊያ ሎገር የሚባለው ክፍል በቁጥር 17 የሚያወጣው ማስታወቂያ በካርድ መንገድ ላይ የደረሰ፣ ግን የታረመ ስህተት ነው። በሊኑክስም እንዲሁ የታረመና ያልታረመ ተለይቶ ይጻፋል። 8 መስመር እንዲኖረው የተሠራ ካርድ በ4 ብቻ እየሠራ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ካርዱ ወደ ማስገቢያው በደንብ አልገባም ወይም ጫፉ ቆሽሿል ማለት ነው። ሚሞሪ ላይ ግን ክርክሬን ማለዘብ አለብኝ። ስህተትን የሚያርመው የሰርቨር ሚሞሪ ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሐሳብ የመጣ ነው፤ አንድ ቢት ሲበላሽ ያርማል፣ ሁለት ሲበላሽ ያስታውቃል። ጉግል ሰርቨሮቹን መርምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ የሚበልጡት ሚሞሪዎች ቢያንስ አንድ ስህተት አስመዝግበዋል፤ ብዙው ስህተትም የሚደጋገም የዕቃ ጉድለት እንጂ አልፎ ሂያጅ አልነበረም። እዚህ ላይ ዕቃውን መጠርጠር ትክክል ነው። ቢሆንም ፍርዱን የሚሰጠው ግምት አይደለም፤ ሚሞሪውን ከአንዱ ማስገቢያ ወደ ሌላው አዛውሮ ስህተቱ ማንን እንደሚከተል ማየት ነው። ሚሞሪውን ተከትሎ ከሄደ ሚሞሪው ታሟል፤ በቀድሞው ማስገቢያ ከቀረ ማስገቢያው ታሟል፤ ጭራሹን ከጠፋ ያልጠበቀ ነበር። ይህ ፈተና ለዲስክም፣ ለኬብልም፣ ለካርድም ይሠራል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ዲስኩንም ኬብሉንም አብሮ የቀየረ ሰው ሰርቨሩን ሊያስነሣ ይችላል፣ ምን እንደታመመ ግን መቼም አያውቅም።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ ሐሳቦች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው መዝገቡ በቀን በሺህ የሚቆጠር መስመር ስለሚጽፍ ማን ያነበዋል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሁሉንም ማንበብ አይቻልም። ለዚህም ሲባል ነው ኤሪክ ኦልማን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲስሎግ የተባለውን የመዝገብ መጻፊያ ሶፍትዌር ሲጽፍ መልእክቶች በክብደታቸው እንዲለዩ ያደረገው፤ ዛሬ ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 7 ስምንት ናቸው። ይሁን እንጂ ከባዶቹን ብቻ እንዲያሳውቅ የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ የታረሙትን ስህተቶች ይጥላቸዋል፤ ስለ ታመመ ግንኙነት አስቀድመው የሚናገሩት ደግሞ እነዚያው በማስጠንቀቂያ ደረጃ የሚጻፉት ናቸው። መፍትሔው ሁሉንም ማንበብ አይደለም፤ ሲአርሲ፣ ሪሴት፣ የታረመ ስህተት፣ የወረደ ፍጥነት የሚሉትን ጥቂት ቃላት በየሳምንቱ ፈልጎ ቁጥራቸውን ካለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት ነው። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ መዝገቡ ሁሉን አያውቅም የሚለው ነው። ጉግል ከ100,000 በላይ በሆኑ ዲስኮች ላይ አድርጎ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሆኑት ዋና ዋናዎቹ የስማርት ምልክቶች አንዳቸውም ሳይታዩባቸው ነው የሞቱት። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፌስቡክና የጉግል መሐንዲሶች ምንም ስህተት ሳይመዘገብ የተሳሳተ ስሌት የሚያወጡ ፕሮሰሰሮች በሰርቨሮቻቸው መካከል መገኘታቸውን በጽሑፍ ገልጸዋል። ስለዚህ ንጹሕ መዝገብ የጤንነት ዋስትና አይደለም፤ ባክአፕን ሊተካም አይችልም። ነገር ግን ያው የ2007ቱ የጉግል ጥናት በገጹ ላይ የመጀመሪያው የንባብ ስህተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ካልታየበት 39 እጥፍ እንደሆነም አሳይቷል። መዝገቡ ዝም ሲል ብዙ አያስተምርም፤ ሲናገር ግን ሊሰማ ይገባዋል። ከዚህም ጋር መዝገቡ የሚጻፈው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ሆኖ መሆኑን መርሳት አይገባም። «ግንኙነቱ ተቋረጠ» ሲል የት እንደተቋረጠ እንጂ ለምን እንደተቋረጠ አይነግርም። ኬብሉ ሊሆን ይችላል፤ በዲስኩ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፤ ጭነት ሲበዛበት የሚደክም ፓወር ሰፕላይም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር ይቀንሳል፤ የቀረውን የሚፈርደው ከላይ ያልኩት የማዛወር ፈተና ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጊዜ ገንዘብ ነው፣ ቀይሮ መገላገል ይሻላል የሚል ነው። መለዋወጫ በማግስቱ በር ላይ በሚደርስበት አገር ይህ ሊያስኬድ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን የሰርቨር መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ ግዥው የራሱ ሒደት አለው፣ ዕቃውም እስኪደርስ ሥራ ይቆማል። ከዋጋውም በላይ አደጋ አለ። ብዙ ሰርቨሮች ሬድ በሚባለው አሠራር ዳታውን በብዙ ዲስኮች ላይ አካፍለው ያስቀምጣሉ። ሬድ 5 በተባለው ዓይነት አንድ ዲስክ ቢጠፋ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፤ ሁለት ከጠፉ ግን ዳታው ይጠፋል። አሁን የታመመው ኬብሉ ወይም የጋራ ማስገቢያው ሆኖ ሳለ ደህናው ዲስክ ወጥቶ አዲስ ቢገባ ምን ይሆናል? ሲስተሙ አዲሱን ለመሙላት የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ለሰዓታት ያነባል፤ የሚያነበውም በዚያው በታመመው መንገድ በኩል ነው። በመካከሉ ሁለተኛ ዲስክ ከመስመር ቢወጣ መሥሪያ ቤቱ የዳነ ሲመስለው ዳታውን ያጣል። ስለዚህ ከማንኛውም ነቅሎ መሰካት በፊት ባክአፕ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ መዝገቡን ማንበብ፣ ዲስክ ማውጣት ግን መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ እየሄደ ነው የሚለውም ነገሩን አይለውጠውም፤ ክላውድም በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው፣ ባንኮቻችን፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ሆስፒታሎቻችንም ዛሬም በራሳቸው ክፍል ውስጥ የሚያስተዳድሯቸው ማሽኖች አሏቸው።

መዝገብ የሚጠቅመው ግን ተገኝቶ ሲነበብና ሰዓቱ ሲታመን ነው። በሚታመመው ዲስክ ላይ የተጻፈ መዝገብ ከዲስኩ ጋር ሊጠፋ ስለሚችል ቅጂው በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን እንዲላክ ማድረግ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ማዘርቦርዱ ላይ ራሱን የቻለ ትንሽ ተቆጣጣሪ አላቸው፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒ አይሎ ይሉታል። ዋናው ሲስተም ባይነሣም የራሱን መዝገብ ይዞ ይቆያል፤ የኃይል መቆራረጥና የሙቀት ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። የሰዓቱ ጉዳይ ለኛ ከሌላው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙ ሰርቨሮች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእርሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የጀነሬተር ሠራተኛው በደብተሩ የሚጽፈው ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር ነው። መዝገቡ 5:00 ያለው በደብተሩ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ይህን ሳያመሳስል የሚያነብ ባለሙያ የዲስኮቹ መጥፋትና የጀነሬተሩ መነሣት በአንድ ደቂቃ የሆኑ መሆናቸውን ሳያይ ያልፋል። ያመሳሰለው ግን ዲስክም ኬብልም ሳይገዛ ወደ ዩፒኤሱ ይሄዳል።

ለሰርቨር ዕቃ ግዥ ፊርማ የሚያኖሩ ኃላፊዎች ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር እንዲጠይቁ እለምናለሁ። «ዲስክ ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ ሲቀርብላችሁ ስህተቱን የሚያሳዩት የመዝገቡ መስመሮች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው አብረው ይያያዙ፤ ኬብሉ ተቀይሮ ወይም ተነቅሎ ተሰክቶ ቁጥሩ ጨመረ ወይስ ቆመ የሚለውም ይጻፍ። ባለሙያዎችም ይህን ሥራ እንደ ተጨማሪ ሸክም አትዩት፤ መሥሪያ ቤቶችም ለዚህ የሚሆን ጊዜ ስጧቸው። ማስረጃው ዲስኩ ታሟል ካለ ዲስኩ ሳይዘገይ ይገዛ።